ባሕር በሌለበት ከተማ ጀልባ መምረጥ

ጭሮ ውስጥ ባሕር የለም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቼ ከጅቡቲ የተመለስኩ ሰሞን «ምን ስትሠራ ነበር?» ላለኝ ሁሉ «የሸራ ጀልባ መርማሪ ነበርኩ» ስል ሰው ዓይኑን አጥብቦ ያየኝ ነበር። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ኮንትሮባንድ ነጋዴ እንደነበርኩ ደምድሟል። አልፈርድበትም። እኔም የእሱን ሚዛን እጠረጥራለሁ።

መጠርጠር እንጀራዬ ነበር። ሰው የሸራ ጀልባ ሊገዛ ሲያስብ ይጠራኛል፤ ሻጩ «ምንም የለባትም» ያላትን ጀልባ ያለባትን ፈልጌ አወጣለሁ። መሣሪያዬ አንዲት ትንሽ መዶሻ፣ አፍንጫዬና ምላሴ ነበሩ። ደመወዙ በፍራንክ ነበር፣ ጭሮ ላይ ቤት ሠርቼበታለሁ፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም።

ወደ ጅቡቲ የወረድኩት በጫት ምክንያት ነው። በወጣትነቴ ከሚኤሶ በአሮጌው ባቡር የአንድ ነጋዴ ጫት ይዤ እወርድ ነበር። አንድ ጊዜ ባቡሩ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ስንደርስ ጫቱ ጠውልጎ ለፍየል እንኳ የሚያሳፍር ሆኗል። ተመልሼ የነጋዴውን ፊት ማየት ስላቃተኝ እዚያው ባሕሩ ዳር ቀረሁ። አሸዋ ላይ በተጎተተች ጀልባ ጥላ ሥር ተኝቼ ያገኘኝ ሳልም የሚባል የመናዊ ጀልባ ሠሪ ነው። «ተኝተህ ከምትውል» ብሎ የብርጭቆ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠና ጎኗን አስፋቀኝ። በዚያው ቀረሁ። በእነሱ ልማድ የጀልባ ሠሪ አለቃ «ሙዓሊም» ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ስጠራው ኖርኩ።

ሙዓሊም ሳልም የራሱን ጀልባ ከመሥራት ሌላ፣ የፈረንጅ መንገደኞች ሊገዙ ያሰቧቸውን ጀልባዎች ይመረምር ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጀልባ አጠገብ ለአጠገብ አቁመው አስጠሩት፤ አንዷ አሮጌ፣ አንዷ አዲስ። ሊፈትነኝ ፈልጎ «የትኛዋ ትሻላለች?» አለኝ። ምንም ሳላስብ «አዲሷ» አልኩ። «ለምን?» አለኝ። «ያደረ ነገር ምን ይሠራል?» አልኩት። እኔ ያደግኩበት አገር ጠዋት የተቀነጠሰው ዋጋ አለው፣ ያደረውን የሚያነሳው የለም፤ ሌላ መለኪያ አላውቅም ነበር። ሙዓሊም እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ባየን ቁጥር «ሙሜ፣ ይቺ መቼ ተቀነጠሰች?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ የጫት አገር ልማዴን ግን ወደደልኝ። የእኛ ገዢ የጫት ዙርባ ሲያነሳ ከላይ የተደረደረውን አያይም፤ ሻጭ ጥሩውን ከላይ እንደሚያደርግ ያውቃልና መሀሉን ፈልቅቆ ነው የሚያየው። እኔም ጀልባ ውስጥ ስገባ የሚያብረቀርቀውን ሳሎን አልፌ ከመሀል የወለሉን ሳንቃ አነሳ ነበር። ሙዓሊም ይህን ሲያይ «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለኝ። «እህቴ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ታላቅ እህቴ ፋጡማ በደሳ የምትባል ከተማ ገበያ ላይ ጫት ነጋዴ ናት።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የምናገረው ሰው ውስጡ እያደረና እያበሰለ ረጅም መንገድ ስለሚሄድበት የሸራ ጀልባ ነው። የጥንቱ አሠራር ከባድ ነው። ከሆዱ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ወፍራም አከርካሪ አለው፤ መሪው ከዚያው አከርካሪ ጫፍ ላይ ተያይዟል። ማዕበል አያስደነግጠውም፤ እጅህን ከመሪው ብታነሳ እንኳ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው፣ ወደብ ውስጥ ዙር ስትለው እንደ ተሳቢ መኪና ሜዳ ይፈልጋል። የዘመኑ አሠራር ቀላል ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ኋላው ሰፊ ነው፤ በአከርካሪው ፋንታ ከሥሩ በብሎን የታሰረ እንደ ቢላዋ የወረደ ብረት አለው፣ መሪውም ለብቻው ተንጠልጥሏል። ይፈጥናል፣ ባለበት ይዞራል፣ ውስጡ እንደ ሳሎን ቤት ነው። ማዕበል ሲመታው ግን ሆዱ ይጮኻል፤ ያ ብሎን ዝጎ የተበጠሰ ቀን ደግሞ ብረቱ ይወድቅና ጀልባው ይገለበጣል። ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ። እኔን ሲጠይቁኝ ሁለቱንም አላምንም እል ነበር።

የሙዓሊምን አመል ልናገር። ሊመረምር ሲሄድ ሻጩን ሰላም አይልም። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው እጁን የሚዘረጋው። ሻይ ቢያቀርቡለት አይቀምስም። «ሻዩን ከጠጣሁ ይሉኝታ ይይዘኛል» ይል ነበር። ጫማውን አውልቆ በጀልባዋ የላይኛው ወለል ላይ በባዶ እግሩ ይራመዳል፤ ከሥሩ የበሰበሰ ካለ ውስጥ እግሩ ያውቃል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዶሻው ቀስ እያለ ይመታል። ጤነኛው ይጮኻል፣ የታመመው ድፍን ይላል። መጨረሻ ላይ ወለሉን አንስቶ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በጣቱ ነክሮ ይቀምሳል። ጨው ካለው ባሕሩ ከታች እየገባ ነው፤ ጨው ከሌለው የእጥበት ወይም የዝናብ ውሃ ነው፣ የገባው ከላይ ነው። እኔም ቀምሻለሁ። ጣዕሙን አልነግራችሁም።

ይህ ሁሉ አመል ያልጠቀመው አንድ ቀን ነበር።

ባልና ሚስት አስተማሪዎች መጡ። ቀይ ባሕርን ሽቅብ ወጥተው ወደ አገራቸው መሄድ ፈልገዋል፤ ሁለት ጀልባ ቀርቦላቸዋል። አንዷ የዘመኑ የፋይበርግላስ፣ ሌላዋ የጥንት የእንጨት ጀልባ። ሙዓሊም የእንጨቷን ሲያይ ቆመ። መዳፉን ጎኗ ላይ አሳረፈ፣ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ በጥፍሩ ተከተለ። ከዚያ ዞሮ ሻጩን ሰላም አለው። ሻይ መጣ፤ ጠጣ።

መዶሻው የዚያን ቀን ለዘብ አለ። እኔ ከኋላ በኩል፣ መሪው ከሚያያዝበት አጠገብ ስመታ ድምፁ ድፍን አለብኝ።

«ሙዓሊም፣ እዚህ ጋ ድምፁ ሞቷል» አልኩት።

መጥቶ ሰማ። ደግሞ መታ፣ ደግሞ ሰማ።

«እዚህ ጋ እንጨቱ ድርብ ነው፤ ለዚያ ነው» አለኝ። «ይቺን የሠራት ሰው አያታልልም። እጁን አውቀዋለሁ።»

«ሳንቃውን እናንሳና እንየው።»

«ሙሜ! እንዲህ ያለ ሥራ አይፈታም!» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ በፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። ባልና ሚስቱም እሱን ሰሙ፤ ማን እኔን ይሰማል?

ጀልባዋ ቀይ ባሕር ላይ ከብርቱ ነፋስ ጋር ስትታገል ያው ድፍን ያለው ቦታ ተከፈተ። ሚስትየዋን ዓሣ አጥማጆች በሕይወት አገኟት። ባልየው አልተገኘም። ወሬው የደረሰን እንጨት እየላግን ሳለ ነበር። ሙዓሊም መላጊያውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ መዶሻውን አምጥቶ እኔ ፊት አኖረ። «የምወደውን ነገር ደግሜ አልመረምርም» አለ። የሚጠላው ጀልባ ስላልነበረ ያ ማለት ሥራው አበቃ ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ ተናደድኩበት፤ ሲሞት ግን እንደ አባቴ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያማረኝን ነገር ሁሉ እጥፍ አድርጌ እጠረጥራለሁ። ሦስት ሴት ለጋብቻ አይቼ ስተው ሰው የሳቀብኝ በዚህ ነው።

ከእሱ በኋላ ብዙ አለቃ ተፈራረቀብኝ። አንዱ ፈረንጅ ቶሎ ቶሎ ማለት የሚወድ ነበር፤ ከምሳ በፊት ሁለት ጀልባ ጨርስ ይለኛል። ሌላው የወረቀት ሰው ነበር፤ የመታሁትን ሁሉ ጻፍ ይለኛል። በመጨረሻ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ የያዙ ልጆች መጡ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ስሙን አላጠፋም። ጉልበቴ መሰላል እንቢ ሲል፣ ጆሮዬም አንዱ ሲከዳኝ፣ መዶሻዬን ይዤ ጭሮ ገባሁ።

እዚህ ተቀምጬ ሰላሜን ስጠብቅ ኻሊድ መጣ። የፋጡማ አንድ ልጇ ነው። አባቱ የጫት ኢሱዙ ሹፌር ነበር፤ ጫቱ ሳይጠወልግ ላድርስ ብሎ ሲከንፍ አደጋ ደርሶበት መንገድ ላይ ቀረ። ኻሊድ ደግሞ እኔን ተከትሎ ጅቡቲ ወርዶ ቱሪስት በሚያንሸራሽሩ የሸራ ጀልባዎች ላይ ይሠራል። የዚያን ቀን ቴምርና ሽቶ፣ ለእኔ አዲስ ሽርጥ ይዞ ገባ። ስጦታው ሲበዛ ጠረጠርኩ።

«አቡያ» አለኝ፤ የእናት ወንድም በእኛ እንደዚያ ነው የሚጠራው፤ «ሁለት ጀልባ ለሽያጭ አለ። አንዷን ገዝቼ የራሴን ሥራ ልጀምር ነው፣ ኢንሻአላህ። ቱሪስት ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ እወስዳለሁ።»

«እሺ፣ እና?»

«እርስዎ ይምረጡልኝ።»

«አንተ ዓይን የለህም?»

«አለኝ። ግን እማ የእርስዎን ቃል ነው የምትሰማው።»

ነገሩ ገባኝ። ፋጡማ ያላት ንብረት በደሳ ገበያ አጠገብ ባሏ ሠርቶላት የሞተው ቤት ብቻ ነው። ልጁ ያን ቤት አሽጦ ጀልባ ሊገዛ ነው፤ እኔን የፈለገኝ ለመዶሻዬ ሳይሆን ለምላሴ ነው። ተናደድኩ። «ቃሌን በሽርጥ አልሸጥም» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «እንግዲያው ይመርምሩና እውነቱን ይናገሩ» አለ። ይህን ሲል ትንሽ ወደድኩት፤ ስለወደድኩትም ወዲያው ጠረጠርኩት።

ኻሊድ መዶሻዬን ተውሶኝ ጅቡቲ ተመልሶ ሁለቱም ጀልባዎች ከውሃ ወጥተው በቆሙበት ግቢ ሆኖ በስልክ በምስል ደወለልኝ። እኔ ጭሮ በረንዳዬ ላይ ነኝ፣ ደህናውን ጆሮዬን ወደ ስልኩ አዘንብዬ። አሮጌዋ የጥንቱ አሠራር ናት፣ ባለ አከርካሪዋ። አዲሷ ጠፍጣፋዋ ናት። የሁለቱም ደላላ አንድ ሰው መሆኑን ስሰማ ጥርጣሬዬ ተባባሰ። ደላላው ከኻሊድ ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ!» አለኝ። አልመለስኩለትም። ሐጅ አላደረግኩም፤ ሰላምታም ከሥራ በኋላ ነው።

«ምታው» አልኩት ኻሊድን።

መታ። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደወለ። መታ። እንደገና ተቆረጠ። ያን ቀን ከጆሮዬ ይልቅ ኔትወርኩ ነው የፈተነኝ።

«ከላይ ከላይ አታሳየኝ። መሀሏን ክፈት።»

የአሮጌዋን ወለል አነሳ። ውሃ አለ።

«ቅመሰው።»

«አቡያ፣ ውሃው ጥቁር ነው!»

«ፊትህን እያሳየኸኝ ቅመሰው።» ሰው በአፉ ይዋሻል፤ ጨው የቀመሰ ፊት ግን መዋሸት አይችልም። ኻሊድ ቢስሚላህ ብሎ ጣቱን ላሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ደላላው ከኋላ «መልሕቁን ስናወጣ የገባ ነው» ይላል። መልሕቅ ሁሌም ስሙ የሚጠፋ ነገር ነው። የአዲሷን ውሃ ሲቀምስ ፊቱ አልተለወጠም፤ ሲያጥቧት በመስኮት የገባ ነው።

ግን አዲሷን አላመንኳትም። «ከሥሯ ያለውን ብረት የያዘውን ብሎን አውጥታችሁ አሳዩኝ» አልኩ። ደላላው ሳቀ፤ ብሎን ለማየት ጀልባ የሚፈታ ሰው አይቶ አያውቅም። ኻሊድ መዶሻዋን ኪሱ ከትቶ ወደ በሩ መሄድ ሲጀምር ነው ሳቁን ያቆመው። በማግስቱ አንዱን ብሎን አወጡት። ኻሊድ ስልኩ ፊት ቀስ አድርጎ እያዞረ አሳየኝ፤ ንጹሕ ነበር፣ አንገቱ ላይ እንኳ ዝገት የለም። እኔ የመረጥኩትን ሌላ አስወጣሁ። እሱም ንጹሕ። የእርጥበት መሣሪያ ያለውንም ልጅ አስጠርቼ አስለካኋት። ምንም አልተገኘባትም። ምንም ያልተገኘበት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ቢሆንም ሌላ የምለው አጣሁ። ቀይ ባሕርን አቋርጣለሁ ለሚል ሰው ጤነኛ አሮጌ እፈልግለት ነበር። ቱሪስት ይዞ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ለሚውል ልጅ ግን ሰፊዋ፣ ባለችበት የምትዞረዋ ናት የምትሆነው።

ቃሌን በስልክ ላለመስጠት በደሳ ድረስ ሄድኩ። ፋጡማ የጫት ዙርባ በእርጥብ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

«አዲሷን ይግዛ። ደህና ናት» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ሙሜ፣ አንተ ደህና ነው ስትል ሰምቼህ አላውቅም።»

«መርምሬያታለሁ። ብሎኗን ሳይቀር አስወጥቻለሁ። ዋላሂ፣ ምንም የለባትም።»

«የአባቱም ኢሱዙ ምንም አልነበረባትም» አለች። «ጋራዥ ወስዶ አሳይቷት ነበር። ፍሬኗ ደህና፣ ጎማዋ አዲስ። ትራፊኩም መጥቶ አይቶ መኪናዋ ምንም ብልሽት አልነበረባትም አለኝ። እኔ ስለ ጀልባዋ መች ጠየቅኩህ? የሚነዳትን መርምረኸዋል?»

ዕድሜ ልኬን እንጨት መታሁ፣ ብሎን አዞርኩ፣ የሰው ቆሻሻ ውሃ ቀመስኩ። ጀልባዋን ይዞ የሚወጣውን ሰው ግን አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም፤ ሥራዬ ነው ብሎ የነገረኝም የለም። ኻሊድንም ቢሆን ለምን መጣ ብዬ ጠረጠርኩት እንጂ ባሕር ላይ ምን ዓይነት ሰው ነው አላልኩም። እህቴ ዙርባውን ጠቅልላ ጨረሰች።

«ቤቱ ይሸጥ ቢባል እሸጠዋለሁ» አለች። «ሁለተኛ ሰው ግን አልቀብርም። ሂድና እየው።»

ከሚኤሶ በአዲሱ ባቡር ወረድኩ። ድምፅ የለውም፣ አይንገጫገጭም፤ ጅቡቲ እስክገባ ድረስ ምን ደብቀውብኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

ጀልባዋን ለሙከራ ውሃ ላይ አውርደን ሦስት ሆነን ወጣን፤ ኻሊድ መሪው ላይ፣ ደላላው አጠገቡ፣ እኔ ምሰሶውን አቅፌ። ሰው አይሳቅብኝና ሥራዬ ሁሉ የነበረው የብስ ላይ ስለሆነ ባሕር ያቅለሸልሸኛል። ቀኑ የጠራ ነበር። ሸራው ሁሉ ወጥቷል፣ ጀልባዋ ትበራለች። ደላላው «አየህ ሐጂ፣ አየህ!» ይላል። ኻሊድ አንገቱን ወደ ተራራው በኩል አዙሮ ቆየ። እኔም አየሁ፤ በሩቁ ውሃው ትንሽ ጠቆር ያለ መሰለኝ፤ ወይ ብርቱ ነፋስ እየመጣ ነው፣ ወይ የደመና ጥላ ነው።

ኻሊድ መሪውን ለደላላው ሰጥቶ ተነሣና ሸራውን ግማሽ አወረደ።

«ምን ሆንክ?» አለ ደላላው።

«ያ ውሃ አላማረኝም።»

«ያ? ያ ጥላ ነው እኮ! አጎትህ ፍጥነቷን ይይ፣ መልሰህ አውጣው።»

«አላወጣም» አለ ኻሊድ። ከዚያ ለእኔ የሕይወት መታደጊያ ሰደርያ አምጥቶ ራሱ አሠረልኝ፤ ሲያሥርልኝ ዓይኑን ከዚያ ውሃ አልነቀለም።

ነፋሱ አልመጣም። ጥላ ነበር። በግማሽ ሸራ እየተንቀራፈፍን ስንመለስ ሌሎች ጀልባዎች ሸራቸውን ሞልተው እያለፉን ነበር፤ በአንዷ ላይ ያሉት ልጆች ኻሊድን በስሙ ጠርተው አፌዙበት። ደላላው «እንዲህ ሆነህ ካፒቴን?» እያለ እስከ ወደቡ ድረስ ሳቀበት። ኻሊድ ጆሮው ቀላ፤ ሸራውን ግን አልነካም። እኔ ምሰሶዬን አቅፌ፣ እያቅለሸለሸኝ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የብስ እንደረገጥኩ ለፋጡማ ደወልኩ።

«ወጣችሁ?» አለችኝ።

«ወጣን፣ ገባን።»

«ምን አየህ?»

«ይፈራል» አልኳት።

«በደንብ ይፈራል?»

«በደንብ። ሰው እየሳቀበትም ይፈራል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ስታለቅስ ሰማኋት። «አባቱ ይህን ቢሰማ ኖሮ ያፍርበት ነበር። ና፣ ቤቱን የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ።»